ደርሶ የማይመለስ መኪና

ግንቦት 4 ቀን 2017፣ ሰኞ

ይህ መዝገብ የጋራዡ ነበር። ጋራዡን ባለፈው ወር ሸጥኩት፤ መዝገቡ ግን ግማሹ ባዶ ስለሆነ ልጥለው አልጨከንኩም። በየገጹ ሦስት ዓምድ ተሰምሮበታል፦ ባለቤት፣ ብልሽት፣ የተደረገ ጥገና። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው መኪና ሕመም ስጽፍበት ኖሬአለሁ። ዛሬ የራሴን ብጽፍበት የሚቆጣኝ የለም።

ባለቤት፦ ቢያዝን፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ጎንደር፣ አውቶ ፓርኮ ሰፈር።
ብልሽት፦ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ጠፍቷል።
የተደረገ ጥገና፦ አዲስ መኪና ሊታዘዝ ነው።

መኪናው ለሥራ ነው። ኋላ ሌላ ነገር እንዳልል ይህን እዚህ ላይ ልጻፈው። ቱሪስት ስሜን ተራራ ሳመላልስባት የኖርኩት አሮጊቷ ጂፕ ከእንግዲህ ዳገት አትወጣም፤ ካምቢዮዋም ባሌስትራዋም ጡረታ ጠይቀዋል። አንድ የባሕር ዳር ሰው ለመለዋወጫ ሊፈታታት ጎትቶ ወሰዳት። ከግቢ ስትወጣ ክላክሷን ደጋግሜ ነፋሁላት። ሰፈሩ ሙሽራ የሚወጣ መስሎት ብቅ አለ።

ሙሽራ የለም። ተመለሱ አልኳቸው።

ግንቦት 5

ለጃቢር ነገርኩት። ጃቢር የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ጋራዡንም የገዛኝ እሱ ነው።

"አዲስ መኪና ለምንህ?" አለ።

"ለቱሪስት።"

"የቱ ቱሪስት? መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን በሚዘጋበት ጊዜ?"

"ሲመጣ ነዋ!"

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትንሽ አየኝ። "ወደ ጃናሞራ አውቶብስ የለም ወይ?" አለ።

ስለ ጃናሞራ ማን አነሳ?

ግንቦት 8

ዛሬ ሻጮቹ ቢሮ ሄድን። ለማሳያ ሁለት መኪና አቁመዋል፤ የሚታዘዘው ግን ከአዲስ አበባ ነው። በር ላይ ጃቢርን ያዝ አድርጌ፣ "እኔ የመተማ ሰሊጥ ነጋዴ ነኝ፤ አንተ ሾፌሬ ነህ። ከእኔ ጋር በቀጥታ የሚነጋገር የለም፤ ሁሉም ነገር በአንተ በኩል ነው" አልኩት። ጥቁር መነጽር አደረግኩ፤ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ።

ሻጯ ወጣት ናት፤ ሕሊና ትባላለች። ጃቢር እየተንተባተበ "ጌታዬ የዳገት መኪና ይፈልጋሉ" አላት። ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ ቢያዝን፣ የአባቴን ሚኒባስ ስንት ጊዜ ፈታተው እንደሠሩት ረሱት እንዴ? ደግሞ መነጽሩ የሴት ነው።"

ጃቢር ወንበር ይዞ ነው የሳቀው። እኔም ሳቅኩ። መነጽሩ ያሳደግኳት የእስከዳር ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ትታው የሄደችው።

ሕሊና ሁለቱንም አሳየችኝ። አንደኛው ናፍጣ ነው። አዲስ የናፍጣ መኪና ማስገባት ስለቀረ ካለፈው የተረፈ አንድ ብቻ አላቸው፤ ባለ ሁለት የነዳጅ ሰልቫትዮ፣ ፊቱ ላይ መጎተቻ ዊንች ያለው፣ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላው ሰፊ። ሁለተኛው በባትሪ የሚሄድ ነው። እሱም ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ አራቱም ጎማ ይጎትታል፤ ድንጋይ አይፈራም ትላለች። ኮፋኖውን ክፈቺልኝ አልኳት። አንድ የፕላስቲክ ክዳን ታየ። ከሥሩ ሌላ ክዳን።

"የቱን ነው የምነካው?"

"ምንም አይነኩም፣ ጋሼ። ራሱን የቻለ ነው።"

ምንም የማይፈልግ ነገር ፊት ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ግንቦት 9

ናፍጣው። ወሰንኩ። ኮፋኖው ሲከፈት ሞተር አለ፤ ሰው የሚያውቀው ሞተር።

ለእስከዳር ደወልኩ። ያቺ "አሁን ማግኘት አይችሉም" የምትለው ሴትዮ አነሳችው። ከእሷ ጋር በጣም ተግባብተናል።

ግንቦት 14

ይህን መዝገብ ያነሳሁት ስለ ጥር ወር ልጽፍ አልነበረም። ዛሬ ግን ቤት ስጠርግ ያን አዲስ ምንጣፍ እንደተጠቀለለ ከአልጋ ሥር አገኘሁት፤ እንቅልፍም እንቢ አለ።

እስከዳር የወንድሜ ልጅ ናት። ወንድሜና ሚስቱ በአንድ ክረምት ሲያርፉ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ሚስት አላገባሁ፤ የሴት ልጅ ጠጉር እንዴት እንደሚበጠር አላውቅ፤ ጋራዥ ውስጥ አሳደግኳት። ፊደል ሳትቆጥር የመፍቻ ቁጥር ታውቅ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ የሞተር መጽሐፍ ሳነብ እሷ አጠገቤ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ አንዳንዴ የእኔንም ታርማለች። አሁን አዋላጅ ነርስ ናት።

ጥር ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ሊጠይቋት መጡ። የላካቸው ክንዱ ነው፤ ዳባት ላይ ፊዚክስ የሚያስተምር ሸጋ ልጅ፤ እሷም ትወደዋለች። ሽማግሌዎቹን የመራው የልጁ አጎት አያ ሰውአገኝ ነበር፤ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ።

ሥርዓቱን ማንም ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ይቆማሉ። የልጅቱ ወገን ይለምናቸዋል፣ ጉዳዩን ይሰማል፣ ከዚያ "ዘመድ እንጠይቅ፤ ሌላ ቀን ተመለሱ" ብሎ ይሸኛቸዋል። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የለም፤ ልጅን ማርከስ ነው። ሁለተኛ ይመጣሉ፤ ሦስተኛ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ እሺ ይባላል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ብቻ ትንሽ ጨመርኩበት።

"ልጄ የጋራዥ ልጅ ናት" አልኳቸው። "በእግሩ የመጣ ሽማግሌ አላስገባም። ሁለተኛ ስትመጡ በአዲስ መኪና ኑ። ልጃችሁ ገና ብስክሌትም አልገዛ ይባላል!"

ሁለቱ ፈገግ አሉ መሰለኝ። አያ ሰውአገኝ ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና "ሰምተናል" አለ። ወጡ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ነበር። አቧራውን አይቻለሁ። አይቼ ነው የቀለድኩት።

አዲስ ምንጣፍ ገዝቼ በሚቀጥለው እሑድ ጠበቅኳቸው። በሚቀጥለውም። በሦስተኛው እሑድ እስከዳር ምንጣፉን ጠቅልላ ከአልጋ ሥር ከተተችው። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች።

"አያ፣ አንተ ስትስቅ ሌላው ሰው መሳቁን ዞር ብለህ አይተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

የካቲት ላይ ራሷ ጠይቃ ወደ ጃናሞራ ተዛወረች፤ ከደባርቅ ማዶ፣ ተራሮቹን አልፎ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ክንዱ ያለ አጎቱ ፈቃድ አያገባም፤ እሷ ያለ ሽማግሌ አትሄድም። ሁለቱም ጨዋ ሆነው ሁለቱም ለየብቻቸው ተቀመጡ። እኔም እዚህ።

በቃ። ጻፍኩት። መኪናው ግን ለሥራ ነው።

ግንቦት 21

ሕሊና ደወለች። አምስት ወንበር ነው ሰባት? ሰባት አልኩ። "ለቱሪስት ጥሩ ነው" አለች።

ማታ በጣቴ ቆጠርኩ። እኔ መሪ ላይ። እስከዳር ጋቢና። ጃቢር ከኋላ። ክንዱ። ሦስቱ ሽማግሌዎች። ሰባት፤ ሞላ! ከሰባቱ አምስቱ አኩርፈውኛል፤ ጃቢርን ደግሞ ጠመዝማዛው ዳገት ላይ ሲደርስ ያስመልሰዋል።

ግንቦት 22

የትነበርሽ የአጥር ጎረቤቴ ናት። ጧት ልብስ ስታሰጣ ለአንዲት እንግዳዋ ስትናገር ሰማኋት፦

"ለአንድ ሰው ሰባት ወንበር! ልጅቱን አባሮ ወንበር ይገዛል።"

ሳል አልኩ፣ እንዳለሁ እንድታውቅ። "እንደምን አደርክ አያ ቢያዝን!" አለች፤ ድምጿ ማር። እኔም "ስምንተኛውን ወንበር ላንቺ ላስጨምር ወይ?" አልኳት። ሳቀች። ዞር ብዬ አየሁ፤ በእርግጥ ሳቃለች።

አላባረርኳትም።

ግንቦት 29

ለእስከዳር መልእክት፦ "የትነበርሽ ድመት አምስት ወለደች። አዋላጅ ጠፍቶ እኔ ነኝ የቆምኩት።" አልመለሰችም።

ድመቷ አልወለደችም። ወንድ ነው። እስከዳር ይህን ታውቃለች፤ ድሮ ቢሆን "ስሙን ማን አልከው?" ትል ነበር።

ሰኔ 3

የናፍጣውን ትዕዛዝ ልፈርም ሄድኩ። እስክሪብቶ ከያዝኩ በኋላ ሕሊናን ጠየቅኳት፦

"ለምሳሌ፣ ዝም ብዬ ለምሳሌ ነው፤ ጃናሞራ ድረስ ብሄድ?"

"በናፍጣው በማለዳ ወጥተው፣ ደርሰው፣ በዚያው ቀን ደባርቅ ተመልሰው ያድራሉ።"

"ባትሪውስ?"

ስልኳ ላይ ስትደምር ቆየች። "እስከዚያ ያደርስዎታል። ዳገቱም ብርዱም ስለሚበላው ግን ሳይሞላ አይመለስም።"

"ሲሞላ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"እዚያ ፈጣን መሙያ የለም፤ ከቤት ሶኬት ነው። አንድ ቀን ተኩል፣ ሁለት ቀን። ለእርስዎ አይሆንም ጋሼ፤ ናፍጣውን ይፈርሙ።"

እስክሪብቶውን መለስኩላት። ሆዴን አሞኛል አልኳት። ምንም አላመመኝም።

ሰኔ 3፣ ማታ

በናፍጣው ሄድኩ እንበል። ስድስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እስከዳር ነጭ ገዋኗን ለብሳ ወጣች። ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነህ። ውሃ ሰጠችኝ። እኔ አንድ ቀልድ ቀለድኩ፤ ሌላ ነገር መናገር አላውቅማ። እሷ ፀሐይዋን አይታ "አያ፣ ይመሽብሃል፤ ተነሣ" አለች። ተነሣሁ። ደባርቅ አደርኩ። በማግስቱ እዚህ ቤት ነኝ።

በባትሪው ሄድኩ እንበል። ስድስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነህ። ውሃ። ቀልድ። "ይመሽብሃል" አለች። እኔ መኪናውን አሳየኋት። ባዶ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ሁለት ቀን! የቆየሁት እኔ አይደለሁም፤ መኪናው ነው። የመጀመሪያው ቀን በቀልድ ያልፋል። በሁለተኛው ቀን ቀልዱ ያልቅና ሌላው ነገር ይመጣ ይሆናል።

በሕይወቴ ሙሉ መንገድ ላይ የማይቆም መኪና ሳበጅ ኖሬ፣ የሚቆም ልገዛ ነው።

ሰኔ 6

ባትሪውን አዘዝኩ። ሕሊና ሦስት ጊዜ "እርግጠኛ ነዎት?" አለች። ቀለም? ነጭ። ወንበር? ሰባት። ተጨማሪ ዕቃ የሚል መስመር ላይ "ረጅም የመሙያ ገመድ" አልኳት።

"ስንት ሜትር ልበል?"

ጤና ጣቢያውን አላውቀውም። ልጅቱ አራት ወር የኖረችበትን ግቢ በሩ በየት እንደሆነ አላውቅም።

"ዐሥር በይ" አልኩ፣ በግምት።

እንደወጣሁ መልእክት ላክሁላት፦ "ጤና ጣቢያችሁ ለመኪና የሚሆን ሶኬት አለው? ከግቢው በር ስንት ሜትር ይርቃል? ለሥራ ነው።"

ቀልድ የሌለበት የመጀመሪያው መልእክቴ ይመስለኛል።

ሰኔ 8

ጃቢር ሰምቶ መጣ። ቆሞ ነው የጮኸው።

"ሰው ሁለት ሰልቫትዮ ያለው መኪና ትቶ ደርሶ የማይመለስ መኪና ያዛል? አንተ መካኒክ ነኝ ትላለህ?"

"የነዳጅ ወረፋ ሰለቸኝ።"

"ውሸታም! ልጅቷን ማየት ከፈለግህ ነገ ዶልፊን ሚኒባስ ተሳፍረህ ደባርቅ፣ ከዚያ በአይሱዙ መሄድ ትችላለህ።"

ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ ብቻ አፌ ላይ መጣ። "በአውቶብስ ከሄድኩ ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩ እመስላለሁ" አልኩት። "በራሴ መኪና ከሄድኩ መንገድ ልሞክር የወጣሁ እመስላለሁ።"

ጃቢር ተቀመጠ።

"ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ በየት ነው የሚያልፈው?" አለኝ።

"በአምባ ጊዮርጊስ።"

"በሽማግሌው ደጅ ማለት ነው። እሱን አልፈህ ብትደርስ ሁለቱን ቀን ምን እያልክ ልታወራት ነው?"

ሲወጣ "ምነው ዝም አልክ? አንተ ዝም ስትል ያስፈራኛል" አለ።

ሐምሌ 1

ዝናብ። መኪናው ገና ነው። መንገድ ላይ ነው ትላለች ሕሊና፤ የት መንገድ ላይ እንደሆነ ግን አታውቅም።

ሐምሌ 4

ዝናብ። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። መብራት በሌለበት ከተማ የመብራት መኪና ያዘዘ ሰው በሻማ ይህን ይጽፋል።

ሐምሌ 9

መልስ የለም። ሰኔ 6 የላክሁት መልእክት አሁንም ፊቴ ላይ ነው። ኔትወርክ ይሆናል። ክረምት ነው፣ ተራራ ነው፤ ኔትወርክ ይሆናል።

ሐምሌ 10

ኔትወርክ ባይሆንስ?

ሐምሌ 15

የትነበርሽ ሹሮ ላከችልኝ። ሳህኑን ልመልስ ስሄድ በሩ ላይ ቆሜ ሦስት ቀልድ ነገርኳት። በሦስተኛው ላይ "አያ ቢያዝን፣ ግባና ብላ፤ ለምን ትቆማለህ?" አለች። ሥራ አለብኝ ብዬ ተመለስኩ። ሥራ የለኝም።

አቧራውን አይቻለሁ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

መንገዱ ተከፍቷል ሲሉ ሰማሁና ሳላስብ ተነሣሁ። ለጃቢርም አልነገርኩ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከአውቶብስ ስወርድ ዝናቡ በጎን ነው የሚመታው። የወገራን ብርድ ረስቼው ነበር። ከአስፋልቱ ወደ አያ ሰውአገኝ ቤት የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነው፤ ጫማዬ ሁለት ጊዜ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አወጣሁት። በመጨረሻ በእጄ ያዝኩት።

ቤት ውስጥ ነበር። ሚስቱ አየችኝና መቀመጫ ዱካ አቀረበች።

"አልቀመጥም" አልኩ። "ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።"

አያ ሰውአገኝ ከነበረበት አልተነሣም። "የማን ሽማግሌ ነህ?" አለ።

"የእስከዳር። ልጃችሁን ለልጄ ስጡኝ ብዬ መጣሁ።"

"ወንድ ልጅ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም።"

"ሽማግሌ ሦስት ነው። ሁለቱ የት አሉ?"

እዚህ ላይ አንድ ሸጋ ቀልድ አፌ ላይ መጣ። ጥሩ ነበር፤ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ዋጥኩት።

"የምልከው ሰው የለኝም" አልኩ። "ብቻዬን ነኝ፣ አያ።"

ሚስቱ "እባክህ ይቀመጥ፤ በርዶታል" አለችው። "ይቁም" አላት። ቆምኩ። ከጋቢዬ ውሃ እየተንጠባጠበ እግሬ ሥር ኩሬ ሠራ። እሱ እሳቱን እያየ ቀስ ብሎ ጀመረ።

"ያን ዕለት ከመናኸሪያ በባጃጅ ነበር የመጣነው። ቤትህ ልንደርስ ስንል እኔ ነኝ 'ውረዱ' ያልኩ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ደጅ ድረስ ተጭኖ መግባት የለበትም፤ በእግራችን እንድረስ፣ ክብሯ ነው አልኩ። የሠፈራችሁ አቧራ ያን ያህል መሆኑን አላወቅንም።"

ድህነት ብዬ የሳቅኩበት አቧራ ለእስከዳር ክብር የተረገጠ ነበር።

"አጥፍቻለሁ" አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሳልጨምር ንግግር ስጨርስ ራሴን ሰምቼው አላውቅም።

እሳቱን ቆሰቆሰ። እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ ተነሥቶ በዱላው መሬቱን ነካ አደረገና "ሰምተናል" አለ። "ዘመድ እንጠይቅ። ሌላ ቀን ተመለስ።"

ተመለስ! ሥርዓቱ ይህ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠራኝ።

"ቢያዝን!"

"አቤት አያ።"

"በእግሩ የመጣ ሽማግሌ አላስገባም። ሁለተኛ ስትመጣ በአዲስ መኪና ና!"

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የሰማሁት ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም። ዝናቡ ውስጥ ጫማዬን ይዤ ብዙ ቆምኩ፤ ልለየው ፈልጌ ነበር።

ሐምሌ 24

ጉንፋን። ጃቢር ዝንጅብል ይዞ መጣ፤ ሁሉንም ነገርኩት። "ቆመህ ዋልክ?" አለ። ቆሜ ዋልኩ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳበልኝ። ደግሞ ሊሄድ ሲል፣ "ያ የዋጥከው ቀልድ ምን ነበር?" አለ። ነገርኩት። በጣም ሳቀ። እሺ፣ ጥሩ እንደነበር አውቄአለሁ።

ነሐሴ 21

መኪናው መጣ። ነጭ፣ ከፍ ያለ፣ ንጹሕ። ሕሊና ቁልፉን ስትሰጠኝ "ለቱሪስቶችዎ መልካም መንገድ" አለች፤ ዓይኗ ግን እየሳቀ ነው። ጃቢር ሳይነግራት አልቀረም።

እስከ አዘዞ ነድቼ ተመለስኩ። ድምፅ የለውም። ሞተር ቢኖር ከሞተሩ ጋር አወራ ነበር። በስፖኪዮው ወደ ኋላ ሳይ አምስት ባዶ ወንበር ላስቲካቸው ሳይወልቅ ተደርድረዋል፤ አጠገቤም አንድ። የሚያወራኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቀበቶ ያልታሰረ ሲኖር ጲጵ ይላል ብላኛለች ሕሊና፤ ጋቢናው ላይ የድንች ከረጢት አስቀመጥኩ፤ ጲጵ አለ። ቀበቶ አሰርኩለት። ዝም አለ። አውልቄ እንደገና ጲጵ እንዲል ተውኩት።

ነሐሴ 22

መብራት መጥቶ ግቢ ውስጥ ሲሞላ ዋለ። የትነበርሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"እስከዳር ታውቃለች?" አለች።

"መልእክት ልኬአለሁ።"

"መቼ?"

"ሰኔ ላይ።"

አጥሩን ለቅቃ ወረደች። ከዚያ በሩን ዞራ ገባች፤ የኋለኞቹን ወንበሮች ላስቲክ አንድ በአንድ ላጠችልኝ።

ጳጉሜ 3

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲርገበገብ ሕሊና መስላኝ ነበር። ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንዳይጠፋ እዚህ ልገልብጠው፦

"አያ፣ ለሥልጠና ደባርቅ ወርጄ ነው ኔትወርክ ያገኘሁት፤ መልእክቶችህ በአንድ ጊዜ ገቡ። ክንዱ ነገረኝ፤ አያ ሰውአገኝ ቤት በዝናብ ቆመህ ዋልክ አሉ። ሶኬት እንዳለን አውቃለሁ። ከበሩ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን አላውቅምና ጥበቃው በክር እንዲለካ በሬዲዮ አስጠየቅኩ፤ ዐሥራ አንድ ሜትር ነው። መብራቱ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ መኪናህ ቶሎ አይሞላም። መንገዱ ከመስቀል በፊት ይደርቃል። ወፍራም ልብስ ይዘህ ና። ድመቱን ማን አልከው?"

በሳምንት አንድ ቀን! እኔ ሁለት ቀን ነበር ያሰብኩት።

ተነሥቼ ልብስ ማጣጠፍ ጀመርኩ፤ ከአልጋ ሥርም ምንጣፉን አወጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ መጀመሪያ እቆማለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በአዲስ መኪና። ከሽማግሌው ደጅ ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆመውና በእግሬ እደርሳለሁ። ከዚያ ሽቅብ።

የመሙያ ገመዱን ዘርግቼ ለካሁት። ዐሥር ነው። አንድ ሜትር ያንሳል። ጃቢር ማራዘሚያ ላምጣ አለኝ፤ ተው አልኩት። መኪናው ከበሩ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ገመዱ ይደርሳል። በሩን ከፍታ ያቺን አንድ ሜትር እስክታስገባኝ ድረስ ውጭ ቆሜ እለምናታለሁ። መቆም እንደሆነ ተምሬአለሁ።

ባለቤት፦ ቢያዝን።
ብልሽት፦ አንድ ሜትር።
የተደረገ ጥገና፦